ክራርን ከሲንተሳይዘር ጋር መቅዳት፦ ከዕቃ ግዢ በፊት ምን ይቅደም?

የሐዋሳው ክራር ተጫዋች (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞችና እኅቶች። ሐዋሳ ላይ የምንሠራ የስድስት ሰዎች ባንድ ነን፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ድራምና አንዲት ድምፃዊት አለን። ቅዳሜና እሑድ በሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች እንጫወታለን። እዚያ የሚጠየቀው በአብዛኛው እንግዳው አስቀድሞ የሚያውቀው ዘፈን ስለሆነ፣ የራሳችንን ድምፅ የምንፈልግበት ሌላ ቦታ አስፈልጎናል፤ በዚህም ምክንያት ለልምምድ ከተከራየነው ቤት አንዱን ክፍል ለቀረጻ አዘጋጅተን፣ አብዛኛው ክፍሉ በመሣሪያ ብቻ የሚሠራ አልበም ጀምረናል።

የምንፈልገው ነገር ግልጽ ነው። በብዙ ቅንብሮች ውስጥ ክራር የሚገባው ኪቦርዱና ጊታሩ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ ሙዚቃው የባህል ቃና እንዲኖረው ተብሎ ብቻ ነው። እኛ ግን ክራሩ መሠረቱን ይዞ፣ ሲንተሳይዘሩ (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥረው ኪቦርድ) እሱን እየተከተለ እንዲሄድ እንሻለን። ክራሩን በዋ-ዋ (ድምፁን እንደ አፍ እየከፈተ በሚዘጋ) እና በዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ በሚደግም) ፔዳል አሳልፈን ሞክረናል፤ በቤዝ ክራር የተጫወትነውን መስመር በሲንተሳይዘር ደርበንበታል፤ ወደፊት ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩትን የደራሼ ሰዎች የፊላ ዋሽንቶች ድምፅ ቀድተን በኪቦርድ ላይ ለመጫወት እናስባለን። ሐሳቡ አልጎደለንም፤ የጎደለን ድምፁ ነው።

ሦስት ነገሮች አስቸግረውናል። የመጀመሪያው፣ በክራሩ ቆዳ ላይ ክብ ፒዬዞ ፒካፕ (የቆዳውን ርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ መቀበያ) ለጥፈን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ላይን መግቢያ ስንሰካው ድምፁ ቀጭንና ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ይሆናል፤ በጆሯችን የምንሰማው የቆዳው ሙላት በቀረጻው ውስጥ የለም። ሁለተኛው፣ ትዝታ ሜጀር ስንጫወት ብዙም የማይታየው ልዩነት አምባሰልና አንቺሆዬ ላይ ስንደርስ ጎልቶ ይወጣል፤ ክራሩና ኪቦርዱ አንዳንድ ድምፆች ላይ ይጋጫሉ። ክራሩን በስልክ መቃኛ አስተካክዬ ወደ ኪቦርዱ ሳመጣው ግጭቱ ይጠፋል፣ ነገር ግን ማሲንቆ ተጫዋቻችን «ዜማው ሞተ» ይለኛል፤ ልክ ነው። ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ያጠራቀምነው ገንዘብ ወይ አንድ ጥሩ አናሎግ ሲንተሳይዘር፣ ወይ ደግሞ ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሳውንድ ካርድና ሁለት ማይክሮፎኖች ይገዛል፤ ሁለቱን ግን አይችልም። በባንዱ ውስጥ ሐሳቡ ለሁለት ተከፍሏል፤ ዕቃውን ለመግዛት አዲስ አበባ ድረስ ስለምንሄድም አንድ ጊዜ ተወስኖ የሚሄድ ጉዳይ ነው። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን ትልቅ ውለታ ነው።

የአዳማው የድምፅ ባለሙያ

ሰላም ወንድሜ። ከመጀመሪያው ችግርህ ልነሳ፤ ምክንያቱም እሱ ሲፈታ የገንዘቡ ክርክር ራሱ ሊቀልል ይችላል።

ፒዬዞ ሲጫኑትና ሲርገበገብ ቮልቴጅ የሚያመነጭ ነገር ነው፤ የሚሰጠው ከረንት ግን እጅግ ጥቂት ነው። በኤሌክትሪክ ባሕርዩ ከትንሽ ካፓሲተር አይለይም። በገበያ ላይ የሚገኙት ክብ ፒዬዞዎች ብዙዎቹ የካፓሲተርነት መጠናቸው ወደ 20 ናኖፋራድ ይጠጋል፤ የሚክሰር ላይን መግቢያ ኢምፒዳንስ (ለምልክቱ የሚሰጠው ተቃውሞ) ደግሞ ብዙውን ጊዜ 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከ800 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ድምፅ እየቀነሰ የሚሄድ ማጣሪያ ይፈጠራል። የክራርህ ክሮች መሠረታዊ ድምፅ በአብዛኛው ያለው ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ወደ ቀረጻው የሚገባው የክሩ ጩኸትና የጣትህ ኳኳታ ብቻ ነው። ያንኑ ፒካፕ 1 ሜጋ ኦም ወዳለው መግቢያ ብትሰካው የማጣሪያው ወሰን ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፤ ይህም ማለት ጆሮ ከሚሰማው በታች ነው፣ ሙላቱም ተመልሶ ይመጣል። በሳውንድ ካርዶች ላይ የጊታር ምልክት ያለበት ወይም «ኢንስትሩመንት» ተብሎ የሚመረጠው መግቢያ ለዚህ የተሠራ ነው። እሱ ከሌላችሁ፣ ከፍተኛ ኢምፒዳንስ ያለው አክቲቭ ዲአይ ቦክስ (የመሣሪያውን ምልክት ለሚክሰር የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ይበቃችኋል፤ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው በአንዲት ትራንዚስተርና በባትሪ ሊሠራላችሁ የሚችል ነገር ነው። ለጊታር የሚሸጠውን ማግኔቲክ ፒካፕ ግን አትሞክሩት፤ እሱ የሚሠራው ለብረት ክር ብቻ ሲሆን ናይለን ወይም አንጀት ላይ ምንም አይሰማም።

ሆኖም ፒዬዞ ብቻውን ሙሉ ክራር አይሰጥም። ምክሬ በሁለት መስመር እንድትቀዱ ነው፤ አንዱ ፒዬዞው፣ ሌላው ከቆዳው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ክሮቹ በሚያርፉበት እንጨት ትክክል ሳይሆን ጥቂት ወደ ጎን ዞሮ የተቀመጠ ኮንደንሰር ማይክሮፎን። ድምፅ 30 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ 0.9 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በ44.1 ኪሎ ኸርዝ ስትቀዱ ይህ ወደ 39 ሳምፕል (ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚለካባቸው ነጥቦች) ነው። ሁለቱ መስመሮች በዚህ መጠን ካልተስተካከሉ እርስ በርሳቸው እየተጠፋፉ ድምፁን ባዶ ያደርጉታል። በኮምፒውተሩ ላይ የማይክሮፎኑን መስመር በዚሁ መጠን ቀድሞ እንዲጀምር ወደ ግራ ሳቡት፣ ከዚያም ፖላሪቲውን (የሞገዱን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ) እየገለበጣችሁ ሙሉ ሆኖ የሚሰማውን ምረጡ። ፔዳሎቹን የምታስገቡት በፒዬዞው መስመር ላይ ይሁን፤ ማይክሮፎኑ ንጹሕ ሆኖ ይቆይ። ዋ-ዋው ምንም ያህል ቢወዛወዝ እንጨቱና ቆዳው ከሥሩ ይሰማሉ፤ እናንተ የምትፈልጉትም ይኸው ይመስለኛል።

ስለ ክፍሉ አልጠየቅህም፣ ግን ማለፍ አልቻልኩም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የውጭ ድምፅ አያስቀርም፤ የቤዙንም ጉምጉምታ አይነካም። 3 ሜትር ከ43 ርዝመት ያለው ክፍል 50 ኸርዝ ላይ ራሱ ያስተጋባል፤ ያንን በመጠኑም ቢሆን የሚቀንሰው በማዕዘኖቹ ላይ የሚቆም ወፍራም የጥጥ ፍራሽ ነው። ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ካለው በክረምት ማይክሮፎን የሚጠይቀውን ሥራ ዝናቡ ላቆመበት ሰዓት አቆዩት፤ ፒዬዞው የአየር ላይ ድምፅ እምብዛም ስለማይወስድ ዝናብ እየጣለም ልትቀዱበት ትችላላችሁ። እዝዝ የሚል ድምፅ ካለ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነውና ዕቃዎቹን ሁሉ ከአንድ ሶኬት ማከፋፈያ አስነሷቸው፣ የመሬት ሽቦውም መኖሩን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሹ።

ስለዚህ የኔ ድምፅ ለሳውንድ ካርዱና ለማይክሮፎኖቹ ነው።

ማሲንቆ መምህር

ልጄ፣ ጥያቄህን በደስታ ነው ያነበብኩት። ክራሩ ይምራ፣ ሌላው ይከተል ማለታችሁ ትክክል ነው፤ ግን እንዲመራ ከፈለጋችሁ ቅኝቱን የሚሰጠውም እሱ መሆን አለበት። በስልክ መቃኛ ስታስተካክለው እኮ መሪነቱን ለኪቦርዱ አስረክበኸዋል።

ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ከፍሎ ነው የሚሠራው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። በኪቦርድ ላይ አምባሰልን ስንጽፍ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ እንላለን፤ አንቺሆዬን ደግሞ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ እንላለን። ይህ ለማስተማር ይረዳል፤ እኔም እንዲሁ አስተምራለሁ። ነገር ግን ማሲንቆው ላይ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ከዚህ ከፍም ዝቅም ይላል፣ ከተጫዋች ወደ ተጫዋችም ይለያያል። ዝቅ ያለችው ሬና ዝቅ ያለችው ሶል በተለይ በቁልፍ ላይ አይቀመጡም። የማሲንቆ ተጫዋቻችሁ ዜማው ሞተ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እሱን ስሙት።

እኔ በናንተ ቦታ ብሆን የማደርገው እንዲህ ነው። ድምፃዊቷ አንቺሆዬን ያለ ምንም መሣሪያ በምትመቻት ከፍታ ታዚመው። ማሲንቆው እሷን ይከተል፣ ክራሩ ማሲንቆውን ሰምቶ ይቃኝ፤ ያ ሁሉ ይቀዳ። ከዚያ በኋላ ብቻ ኪቦርዱን ወደ እነርሱ አምጡት። እንዴት እንደሚመጣ ከኔ በላይ የሚያውቁ ወጣቶች እዚህ አሉ።

ሌላው ቆዳው ነው። ሐዋሳ የሐይቅ ዳር ከተማ ናትና በክረምት እርጥበቱ የክራሩንም የማሲንቆውንም ቆዳ ያላላዋል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ የስቱዲዮው አምፖል ሲሞቅ ደግሞ ቆዳው ይወጠርና ድምፁ ይወጣል። መሣሪያዎቹ በምትቀዱበት ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ቆይተው የክፍሉን አየር ከለመዱ በኋላ ቃኟቸው፤ በየዘፈኑ መካከልም መልሳችሁ አረጋግጡ። ከቀረጻ በኋላ በኮምፒውተር ድምፅ የሚያስተካክለውን ፕሮግራም ግን ማሲንቆው ላይ አታስነኩት። ጣቱ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲንሸራተት የሚሰማው ነገር ጉድለት አይደለም፣ ዜማው ራሱ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ያንን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ይደመስሰዋል።

የሐዋሳው ክራር ተጫዋች

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ለአዳማው ወንድማችንም ምስጋናዬ ይድረሰው። ሳውንድ ካርድ በውሰት አግኝተን ፒዬዞውን በጊታር መግቢያው ሞከርነው፤ ልዩነቱ ማንም ሰው ሳይነገረው የሚሰማው ነው። የታችኛው ክር ሲመታ ቆዳው መልስ ሲሰጥ ይሰማል፤ ቀድሞ የነበረው የጣት ኳኳታም ወደ ልኩ ተመለሰ። በግዢው ላይ ይህ ብዙዎቻችንን አስማምቷል።

አሁን የቀሩኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ኪቦርዱ ወደ ክራሩ ቅኝት የሚመጣው እንዴት ነው? ዲሌይ ፔዳሉን በችክችካ ምት ላይ ስንጠቀም የሚመለሰው ድምፅ ምቱን ያደናቅፈዋል፤ ይህስ ከምን የመጣ ነው? የበገናን እዝዝታ ቀድተን ለቤዝ ሲንተሳይዘር ልንጠቀምበት አስበናል፤ ስለዚህም አስተያየት ካላችሁ ንገሩን። በመጨረሻም ሁላችንም አብረን እንቅዳ ወይስ አንድ በአንድ?

ኪቦርድ ተጫዋች ከአዲስ አበባ

ስለ ኪቦርዱ እኔ ልመልስ። ብዙዎቹ የያማሃ አሬንጀር (አጃቢ ሙዚቃ ራሳቸው የሚያሰሙ) ኪቦርዶች «ስኬል ቲዩን» የሚባል ክፍል አላቸው፤ በዚህ ክፍል ከአሥራ ሁለቱ ቁልፎች እያንዳንዱን ለብቻው ከ64 ሴንት ዝቅታ እስከ 63 ሴንት ከፍታ ማንቀሳቀስ ይቻላል። በኮርግ ፒኤ ኪቦርዶችም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ለዐረብ ሙዚቃ ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ለእኛም ይሠራል። መምህራችን እንዳሉት የተቀዳውን ማሲንቆ አዳምጡ፣ ረዘም ብሎ የቆመበትን ድምፅ በመቃኛ ፕሮግራም ለኩ፣ ከዚያም የኪቦርዱን ቁልፍ በዚያው መጠን ዝቅ ወይም ከፍ አድርጉ። ለአንቺሆዬ አንድ፣ ለአምባሰል ሌላ አስቀምጡና በየዘፈኑ ጥሩት። ይህን ሳያደርጉ አዲስ ሲንተሳይዘር መግዛት ያንኑ ግጭት በውድ ዋጋ መድገም ነው። ሲንተሳይዘሩን የምትገዙበት ቀን ሲመጣም ሻጩን አስቀድማችሁ የምትጠይቁት እያንዳንዱ ቁልፍ ለየብቻው የሚቃኝ መሆኑን ይሁን፤ በብዙ አናሎግ ሲንተሳይዘሮች ላይ የምታገኙት ጠቅላላ መቃኛውን ብቻ ነው።

ወደ ዲሌዩ ስመጣ፣ ፔዳሉን አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀመው ምትን ለሁለትና ለአራት በሚከፍል አቀማመጥ ነው፤ ችክችካ ግን እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይከፍላል። ዘፈናችሁ በደቂቃ 100 ምት ቢሄድ አንዱ ምት 600 ሚሊ ሰከንድ ነው። ፔዳሉ ግማሹን፣ 300ውን ይሰጣችኋል፤ ይህ ከከበሮው ሁለት ምቶች መካከል ባዶ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ የምትሰሙት መደናቀፍ ይኸው ነው። በእጅ 200 ወይም 400 ላይ አስተካክሉት። 400 ላይ ስታደርጉት የሚመለሰው ድምፅ በሦስተኛው ንዑስ ምት ላይ ያርፍና ክራሩን የሚከተል ሌላ ክራር ያለ ይመስላል፤ እኔ እጅግ የምወደው አደራረግ ነው። በኮምፒውተር ላይ ድራም ስታዘጋጁም የምቱን መከፋፈያ መስመሮች በሦስት ክፍፍል አስቀምጧቸው፤ ካልሆነ ኮምፒውተሩ እስክስታውን ወደ ሰልፍ ሙዚቃ ይለውጠዋል።

ዕቃ ከሐሳብ በኋላ መምጣት እንዳለበት ስናገር ሁልጊዜ የማነሣው ምሳሌ ኪቦርድና አኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ አንድ ካሴት ሲቀዳ በዘመኑ አዲስ የነበረውን ያማሃ ዲኤክስ 7 ዲጂታል ሲንተሳይዘር፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ሮድስ ፒያኖን ተጠቅሟል፤ መሪው ግን በወጣትነቱ የሚያውቀው አኮርዲዮን ነው። ዲኤክስ 7 ለገበያ ከቀረበ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እዚያ ቀረጻ ላይ ግን የአኮርዲዮኑን ዜማ ለመሸከም እንጂ ራሱን ለማሳየት አልገባም። ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎንና ዋ-ዋን ወደ ቅኝቶቻችን ካመጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በቆየበት ጊዜ ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ ክራርን የማዘመን ጉዳይ ነበር። ሁለቱም ከዜማው ተነሥተው ወደ ዕቃው ሄዱ።

ስለ ፊላው አንድ ነገር ልጨምር። ፊላ አንድ ሰው ብቻውን ዜማ የሚጫወትበት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን የቀርከሃ ዋሽንት ድምፅ በተራው ሲያስገባ ነው ዜማው የሚሞላው። ድምፆቹን ቀድታችሁ ሁሉንም በአንድ ኪቦርድ ላይ ብትደረድሯቸውና አንድ ሰው በሁለት እጁ ቢጫወታቸው፣ መቀባበሉ ጠፍቶ ተራ ዋሽንት ይሆናል። ድምፆቹን በድራም ፓድና በኪቦርድ ላይ ለአራት ወይም ለአምስት አባላት አከፋፍሏቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ብቻ ይጠብቅ። ቀረጻውን የምትወስዱትም ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ተገቢውን ክፍያ ከፍላችሁና በአልበሙ ላይ ስማቸውን ጽፋችሁ ይሁን።

በገና ደርዳሪ

የበገናውን ነገር እባካችሁ ተዉት። በገና በዐቢይ ጾምና በጸሎት ጊዜ የሚደረደር የምስጋና መሣሪያ ነው፤ እዝዝታውን ቆርጦ ለጭፈራ ቤዝ ማድረግ የብዙ ምእመናንን ልብ ያሳዝናል። ይህን የምለው ሙከራችሁን ለመንቀፍ አይደለም፤ የምትፈልጉትን ድምፅ በገናውን ሳትነኩ ልታገኙት ትችላላችሁና ነው። የበገና እዝዝታ የሚመጣው ከአሥሩ ክሮች ሥር፣ ክሩ በሚያርፍበት እንጨት ላይ ከምትገባው እንዚራ ከምትባል ትንሽ ቆዳ ነው፤ ክሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን በስሱ እየነካ ይሄዳል፣ ከዚያም ድምፁ ይበዛል። ቀጭን ለስላሳ ቆዳ ቆርጣችሁ በቤዝ ክራራችሁ ላይ በዚያው መንገድ አስገቡ። ቦታዋ በጣም ጥቂት እንኳ ወደፊት ወይም ወደኋላ ሲል እዝዝታው ይጠፋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ክር እየመታችሁ በትዕግሥት ፈልጉት። ያኔ የራሳችሁ የሆነ ድምፅ ይኖራችኋል።

የሐዋሳው ክራር ተጫዋች

ምክርዎን በአክብሮት ተቀብለናል፤ የበገናውን ሐሳብ ትተን በቤዝ ክራሩ ላይ ቆዳ ማስገባት ጀምረናል። እዝዝታው ከሲንተሳይዘሩ ዝቅተኛ ድምፅ ጋር ሲደረብ እኛ ከጠበቅነውም ይበልጣል። ግዢውም ተወስኗል፤ ሳውንድ ካርዱና ማይክሮፎኖቹ ይቅደሙ ብለናል፤ ኪቦርድ ተጫዋቻችንም ስኬል ቲዩኑን በያዘው ዕቃ ላይ ስላገኘው በደስታ ተስማምቷል። አብሮ ስለመቅዳት ያነሣሁት ብቻ ነው የቀረኝ።

የአዳማው የድምፅ ባለሙያ

በዚህ ቅኝትና በዚህ ምት የሚሠራ ባንድ አብሮ ቢቀዳ ይሻለዋል። ማሲንቆው የድምፃዊቷን አፍ፣ ክራሩ የማሲንቆውን ደጋን እያየ ነው የሚጫወተው፤ ለየብቻ ስትቀዱ ያ መተያየት ይቀራል። ድራሙን በሌላኛው ክፍል በር ዘግታችሁ አስቀምጡትና በጆሮ ማዳመጫ ይከተላችሁ። ኪቦርዱና ቤዝ ጊታሩ በቀጥታ በሽቦ ይግቡ፤ ክራር፣ ማሲንቆና ድምፃዊት አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጡ። በማይክሮፎኖቹ መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ማይክሮፎን ከራሱ መሣሪያ ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ማይክሮፎኑ ከክራሩ 30 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ የማሲንቆው ማይክሮፎን ከእሱ 90 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይራቅ ማለት ነው። በ24 ቢት ቅዱና ከፍተኛው ድምፅ የመለኪያው ጣሪያ ከሆነው ዜሮ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቆም አድርጉ፤ ድምፃዊቷ በስሜት ከፍ ስትል ቀረጻው እንዳይሰነጠቅ ቦታ ይተርፋችኋል። ሁላችሁም ስትጫወቱ ፒዬዞው ንጹሕ ሆኖ ስለሚቀር የክራሩን ዋ-ዋና ዲሌይ በኋላ በእርጋታ ልትጨምሩት ትችላላችሁ፤ በጨዋታው ሰዓት ግን በማዳመጫው ውስጥ ዲሌዩ ይሰማህ፣ አለበለዚያ ጣትህ ለሚመለሰው ድምፅ ቦታ አይተውለትም። ለዚህ ደግሞ በሚቀዳበት ጊዜ በፕሮግራሙ ላይ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን አጠራቅሞ የሚያሳልፍበትን መጠን) ወደ 128 ሳምፕል አውርዱት፤ 1024 ላይ ከሆነ ክሩን ከመታህ በኋላ ድምፁ ወደ ጆሮህ ለመድረስ 23 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ ይዘገያል፣ በችክችካ ላይ ያ መዘግየት ይታወቃል። ለኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ከሌላችሁ እሱንም ከግዢው ጋር አስቡት፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ አብሮ የተጫወታችሁት ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚሄደው።